ሦስት ባጅ፣ አንዲት ልጅ

ቀኝ እጇ የክሬሙን ከረጢት ይጨምቃል፤ ግራ እጇ ከሥር ደግፎ ይመራዋል። ከከረጢቱ ጫፍ፣ ከቀጭኗ የብረት አፍ፣ ነጩ ክሬም እንደ ክር እየተሳበ ኬኩ ላይ ይተኛል። የልጅ ልጄ አንዱን ቃል ጀምራ እስክትጨርስ አትተነፍስም። «እንኳን» ጽፋ ትተነፍሳለች፤ «ደስ» ጽፋ ትተነፍሳለች፤ «ያላችሁ»ን ስትጨርስ ቀና ብላ ወገቧን ታሻለች። ኬክ ላይ መጻፍ ቀላል የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ሰው ነው። ክሬም ላጲስ የለውም።

እናቷ፣ ትልቋ ልጄ፣ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ፊደል ያስቆጠረችኝ ደግሞ እሷ ናት፤ በስድሳ ሦስት ዓመቴ። የተገለበጠ ሰሃን ላይ በክሬም ትጽፍልኝና በትክክል ካነበብኩ ፊደሉን እንድልሰው ትፈቅድልኝ ነበር። ስለዚህ «ሀ»ን የማውቃት በጣዕሟ ነው። ቀጭን ስለነበረችና ሥራዋም መጻፍ ስለሆነ የኬክ ቤቱ ሰዎች «እርሳስ» ብለው ጠሯት፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ።

የምጽፈው ስለ እሷ ነው። ግን ስለ እሷ ስጽፍ ስለ ሌሎቹም መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ለእነሱ የሚባክነው ወረቀት ይቆጨኛል።

ኬክ ቤቱ ከፊት ባለ መስታወት መሸጫ፣ ከኋላ ደግሞ አሥራ ሁለት ሴቶች የሚሠሩበት ሙቀታም ክፍል አለው። ባለቤቷን ሁሉም «እትዬ» ይሏታል። እኔ በቤቴ «እመት ጣት» እላታለሁ፤ ጣቷን የማታገባበት ነገር የለምና። ክሬም ሲመታ ጣቷን ነክራ ትልሳለች። ሽሮፕ ሲፈላ እፍ ብላ ነክራ ትልሳለች። ሠራተኛ ስትታመም፣ ስታገባ፣ ስትፈታ፣ እዚያም ጣቷ አለ። በሩ ላይ ዘበኛ አላት። ሰውየው በዕድሜው አንድ ደንብ አጥንቷል፤ አጥንቶም ጨርሷል፤ ሌላ የሚጨምርበት ቦታ ጭንቅላቱ ውስጥ አልተረፈም። ደንቡም እንዲህ ይላል፦ ባጁ ላይ ያለው ፎቶና የሰውየው ፊት ይመሳሰሉ።

እርሳስ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላት ፊቷ መሙላት ጀመረ። በመጀመሪያ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ጉንጯ ቀላ፣ አገጯ ጠፋ። መንገድ ላይ የሚያገኛት ሁሉ ከሰላምታው በፊት «ወይ ጉድ! ተመችቶሻል!» ይላታል። እሷም ትስቃለች። ከዚያ ሆዷ ወጣ። ከዚያ ከአንገቷ ሥር፣ ከጀርባዋ በላይ፣ እብጥ ያለ ሥጋ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ፊትና ሆዷን አየ። እኔ ክንዷን አየሁ። ክንዷና ጭኗ ከዕለት ወደ ዕለት ይከሱ ነበር። ክረምት ሊያልፍ ሲል ሐረጉ ላይ ያለ ዱባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዱባው ያብጣል፣ ሐረጉ ይጠወልጋል። እንደዚያ ነበረች።

ከረጢቱን ስትጨምቅ የዋለችበት ክንዷ በየቦታው ይበልዛል። «ማን መታሽ?» ብላት «ማንም አልመታኝም እማማ፣ ጠረጴዛው ነክቶኝ ነው» ትላለች። ጠረጴዛ ሲነካው የሚበልዝ ሰው እኔ ያየሁት ሟች እናቴን ብቻ ነበር፤ እሷንም በሰማንያ ዓመቷ። ደግሞ ቤታችን አጭር በርጩማ አለች። እርሳስ ከእሷ ላይ እንደ ፌንጣ ብድግ ትል ነበር። አሁን መጀመሪያ ጉልበቷን በእጇ ትገፋለች፤ ቆይቶ ጠረጴዛውን ትይዛለች፤ ቆይቶ «እማማ እጅሽን ስጪኝ» አለች። አሮጊቷ ወጣቷን ከመቀመጫ ማንሳት ስትጀምር አንድ ነገር ተበላሽቷል። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

ዘበኛው በአንድ ጠዋት በሩ ላይ አስቆማት።

«ባጅ።»

«ይኸው ጋሼ።»

ባጁን አየ፤ እሷን አየ። «ይቺ አንቺ አይደለሽም።»

«እኔ ነኝ እንጂ! እርሳስ ነኝ!»

«እርሳስነትሽን እኔ አውቃለሁ። ባጁ ግን አያውቅም።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ እያዩኝ?»

«ስድስት ዓመት ያየሁት ሌላ ፊት ነው። ሂጂና ፎቶ ተነሺ።»

ፎቶ ተነስታ ሁለተኛ ባጅ አሠራች። በስምንተኛው ወር እንደገና «ይቺ አንቺ አይደለሽም» አላት፤ ሦስተኛ ባጅ አንገቷ ላይ ሰቀለች። አሮጌዎቹን ጣያቸው ብሏት ነበር። እሷ ወደ እኔ አመጣቻቸው፤ እኔም መርፌና ክር የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኳቸው። የልጄን ፊት የሚጥል እጅ የለኝም።

እመት ጣት ባጁ በተቀየረ ቁጥር ጆሮዋ ይቆም ነበር። ለሴቶቹ «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ የእኔዋ ደግሞ ቅቤ ትልሳለች» አለች። ቅቤ ጎደለ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ጎድሎ አያውቅምና። ቅቤው በቦታው ነው፣ ሌባዋ ግን ተገኝታለች። ኬክ ቤት የሚሠራ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ጣፋጭ እንደሚሰለቸው ያቺ ሴትዮ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። እርሳስ ቤት ስትገባ የስኳር ሽታ እንኳ ያቅለሸልሻት ነበር። ማታ የምትበላውን የማቀርብላት እኔ ነኝ፤ ግማሹን ትታ ትነሳለች። ትነሳለች ማለቴ፣ አነሳታለሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ክፍሉ በር በላይ፣ እጅ ከማይደርስበት፣ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ክሬምና ቅቤ የሚሸጥ እንጂ የሚበላ አይደለም። የበላ ሰው ገላው ይመሰክርበታል። ከእንግዲህ የሚገኝ ይባረራል።» ስም አልተጻፈበትም። አሥራ አንዱ ሴቶች አንብበው ሲጨርሱ ግን አንገታቸው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ዞረ።

በዚያን ቀን ማታ እርሳስ እንዲህ አለችኝ፦ «እማማ፣ ቢያባርሩኝ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። ግን ሌባ ብለው ካባረሩኝ ማን ኩሽናውን ይከፍትልኛል?» ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእሷ ስም ግን ገና በቁሟ ሊቀበር ነበር።

ሁለተኛዋ ልጄ፣ የእርሳስ አክስት፣ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘች። የልጅቱ የወር አበባ መቋረጡን ሰምታ መጣች።

«እማዬ፣ ዝም ብለሽ ታያለሽ? ልጅቱ እኮ አርግዛለች!»

«ከማን?»

«እሱንማ እሷ ትንገርሽ! እኔ አብሬያት ነበርኩ?»

በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ዘጠነኛው ወር አለፈ፤ አሥረኛውም አለፈ። አሁን ይቅርታ ትጠይቃለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን «እንግዲያው ሆዳምነት ነው» ብላ ተሻገረች። ልጄ ናት፤ የወለድኳት እኔ ነኝ። አፏን ግን ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አላውቅም።

እርሳስን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪም ተብዬው ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም።

«የት ነው የምትሠሪው?»

«ኬክ ቤት።»

ያኔ ቀና አለና ሳቀ። «በሽታሽን ራስሽ ነገርሽኝ። ጣፋጭ ተዪ፣ በእግርሽ ተራመጂ። ቀጣይ!»

የደም ግፊቷን ለክቶ ከፍ ብሏል ብሎ ክኒን ጻፈላት። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ግፊቷ ከአያቷ ሲበልጥ ለምን ብሎ አልጠየቀም። «ልጄ፣ ክንዷን እየው እስቲ፣ የሚበላ ሰው ክንድ ነው?» አልኩት። «እማማ፣ ጭንቅላት አያዙሩብኝ፤ ሰው ተሰልፏል» አለኝ። ያንን ሁሉ ዓመት የተማረው «ቀጣይ» ማለትን ከሆነ፣ የታክሲ ረዳት በአንድ ጠዋት ይለምደዋል።

ያዳናት ቁስል ነው። የመጋገሪያ ትሪ ቅልጥሟን ጫረውና ሁለት ወር ሙሉ አልሽር አለ። ቁስሉን የምታጥብላት ነርስ ሆዷ ላይ ያለውን ሰንበር አየች፤ ጣት የሚያህል፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ቆዳው የተቀደደ የሚመስል። ወዲያው ወደ ትልቁ ሆስፒታል፣ ወደ አንዲት ሴት ሐኪም ላከችን። ሽበት ያላት፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። እኔ ተራ ስንጠብቅ ልብስ እጠቅም ነበርና ቆርቆሮዬ ጉልበቴ ላይ ነበረች።

«እስቲ እጆችሽን ደረትሽ ላይ አጣምሪ» አለቻት። «አሁን ከወንበሩ ተነሺ።»

እርሳስ ሞከረች። ተወዛወዘች። መልሳ ቁጭ አለች። ዕንባዋ መጣ።

«ፊትሽ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው? የድሮ ፎቶ አለሽ?»

«ቤት ነው» ልትል ስትል ቆርቆሮዬን ከፈትኩ። ሁለቱን ባጆች አወጣሁ፤ ሐኪሟ ሦስተኛውን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ በተራ ደረደረቻቸው። ሦስት እህትማማቾች ይመስሉ ነበር፤ የመጨረሻዋ የእንጀራ ልጅ። ሐኪሟ ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ማነው እንዲህ አድርጎ ያስቀመጠላችሁ?»

«ዘበኛ ነው» አልኳት። «ሳያውቅ።»

ከዚያ አስረዳችን። ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ በስተኋላ፣ አተር የምታህል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች። አዛዥ ናት። ለሌሎቹ ዕጢዎች ይህን ያህል ሥሩ እያለች ትልካለች። እሷ ላይ ትንሽ እብጠት ከወጣባት ሐሰተኛ ትእዛዝ ትልካለች። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ታዝዘው ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ያለ ልክ ያመነጫሉ፤ ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ የሚያወጣው ነገር ነው። ሲበዛ ሥጋን ከክንድና ከጭን ወስዶ ፊትና ሆድ ላይ ይከምራል። ቆዳ ያሳሳል፣ ግፊት ያነሳል፣ የወር አበባ ያስቀራል።

«አዛዧ ተሳስታ ትጮሃለች፤ ታዛዦቹ ሳይጠይቁ ይሠራሉ» አለች።

«እንደዚህ ያለ መሥሪያ ቤት አውቃለሁ» አልኳት።

ለማረጋገጥ የአንድ ሙሉ ቀን ሽንት ተጠራቅሞ፣ በበረዶ ተይዞ መምጣት ነበረበት። ንጹህ ነጭ ጀሪካን ሰጠቻት። እርሳስ ፈቃድ ስትጠይቅ እመት ጣት «ደግሞ እቤት ምን ልትበዪ ነው?» አለቻት። ስለዚህ ጀሪካኑን በቦርሳ፣ በበረዶ ከብባ፣ ሥራ ቦታ ይዛው ሄደች። የሆነውን የነገረችኝ ማታ ነው፤ እየሳቀችና እያለቀሰች።

ልትወጣ ስትል ዘበኛው «ቦርሳ» አላት። ከፈተው። በረዶ። በበረዶው መሃል ቢጫ ነገር የሞላበት ጀሪካን። ሰውየው የዕድሜ ልክ ምኞቱ የተፈጸመ ያህል ጮኸ።

«እትዬ! እትዬ ይውጡ! ያዝኳት!»

እመት ጣት ወጣች፤ ሴቶቹም ተከትለው ወጡ። ክዳኑን ከፈተችው።

«የብርቱካን ሽሮፔ! ሰሞኑን ለምን ቀጠነ ስል! በበረዶ አሽጋው፣ ዓይን አውጣ!» ጣቷም እንደ ልማዷ ወደ ጀሪካኑ አፍ ሄደች።

«እትዬ፣ አይቅመሱት!»

«ለምን አልቀምሰውም? የራሴን!»

«የራስዎ አይደለም። የእኔ ነው። ሽንት ነው።»

ጣቷ አየር ላይ ቀረች። ዘበኛው ትንሽ አሰበና «ሽንት በበረዶ? ለማን ነው የሚቀርበው?» አለ።

«ለላቦራቶሪ፣ ጋሼ።»

ምድጃ ላይ የምትሠራዋ ትልቋ ሴትዮ ሳቋ አመለጣትና ግድግዳ ይዛ ተንበረከከች። እኔ በእርሳስ ቦታ ብሆን ዝም እል ነበር። ያቺ ጣት ትገባ ነበር፤ ወጥታም ትላስ ነበር። እርሳስ ግን ሰው ናት፤ ሌባ ያለቻትን ሴት ከሽንት አዳነቻት። ምስጋናውም ወዲያው ተከፈላት። «ምግብ በሚሠራበት ቤት ሽንት! ውጪልኝ! ሁለተኛ እንዳላይሽ!» ዘበኛው ሦስተኛውን ባጅ ከአንገቷ አውልቆ ኪሱ ጨመረ። ከጀሪካኑ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ውጤቱ መሆን ካለበት ብዙ እጥፍ ሆኖ መጣ። ሌሎች ምርመራዎችም ተደረጉ። ኤምአርአይ የሚሉት ማሽን ውስጥ አስገብተው ሲያዩ፣ አዛዧ ላይ ከምስር ፍሬ የምታንስ እብጠት ተገኘች። ያን ሁሉ ያደረገችው እሷ ናት፤ ያን ሁሉ የተናገሩት ግን ጤነኞቹ ናቸው።

በአፍንጫዋ በኩል ገብተው አወጡላት። አክስቷ «በአፍንጫ? ጭንቅላት ውስጥ በአፍንጫ ይገባል እንዴ?» እያለች ሆስፒታሉን በለቅሶ ሞላችው። ሲያማ የከረመ ሰው ሁሉ ለቅሶው ያምርለታል። አንድ የሽንት ቤት ወረቀት ሰጠኋትና ኮሪደር ላይ ተውኳት።

መዳኑ ፈጣን አልነበረም። ለወራት መገጣጠሚያዋ ሁሉ እያመማት ተኛች። የገዛ ሰውነቷ መሥራት ያቆመውን ሆርሞን በክኒን ትወስድ ነበር። ሐኪሟ «ሰውነትሽ ጩኸቱን ለምዶት ነበር፤ አሁን ዝም ሲል ግራ ገብቶት ነው፣ ታገሺው» አለቻት። ታገሠችው። ቀስ በቀስ አገጯ ተመለሰ፣ ጀርባዋ ተስተካከለ። አንድ ጠዋት እኔ ክር እየሰካሁ ሳለ «እማማ፣ እዪኝ» አለች። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ነበር። ብድግ አለች። መርፌው ከእጄ ወደቀ፤ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

እመት ጣት በበኩሏ አዲስ ጸሐፊ ቀጥራ ነበር። ልጅቱ የጻፈችው ፊደል ዝናብ እንደመታው ግድግዳ እየተናደ የሰው ሠርግ አበላሸ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በስምንተኛው ወር ዘበኛው በራችን ላይ ቆመ።

«ወይኔ እርሳስ! ከሳሽ! ምን ነካሽ?»

«የበላሁት ቅቤ አለቀብኝ፣ ጋሼ።»

አልገባውም። «እትዬ ያለፈው አልፏል፣ ትምጣ ብለዋል።»

ያለፈው የሚያልፈው ለበደለው ሰው ነው። አትሂጂ አልኳት። እሷ ግን «ማስታወቂያው አሁንም አለ?» ብላ ጠየቀችው። አለ። «እንግዲያው ነገ እመጣለሁ።»

አብሬያት ሄድኩ። ዘበኛው በሩ ላይ ሦስተኛውን ባጅ ከኪሱ አወጣ። ባጁን አየ፤ እሷን አየ።

«ይቺ አንቺ አይደለሽም።»

እኔ ቆርቆሮዬን ከፍቼ የመጀመሪያውን ባጅ ሰጠሁት። አየው፤ አያት። ፊቱ በራ። «ትክክል! ግቢ!» አለና ሦስተኛውን ለእኔ ሰጠኝ። እግዜር ይስጠው፤ ደንቡን በልቶ ጠግቧል።

ሥራ ክፍሉ ውስጥ እመት ጣት ቁራጭ ኬክ ይዛ ጠበቀችን። ይቅርታ በእሷ ቤት በሰሃን ነው የሚቀርበው።

«ብዪ እንጂ፣ ከስተሻል!»

«ያቺን ማስታወቂያ መጀመሪያ» አለች እርሳስ።

«እሷን ደግሞ ማን ልብ ብሏት! አንዱን ጠርቼ አስወርዳታለሁ።»

«እኔው አወርዳታለሁ።»

በርጩማ ሳበች። በአንድ እግሯ፣ ምንም ሳትይዝ፣ ወጣች። ወረቀቷን ላጠቻትና እዚያው ከላይ ቆማ ጮክ ብላ አነበበቻት፤ እስከ «ይባረራል» ድረስ። ከዚያ ወረደች።

«እትዬ፣ ጎድሎ ነበር?»

«ምኑ?»

«ቅቤው።»

እመት ጣት ጣቷን በመጎናጸፊያዋ ትጠርገው ጀመር። ከምድጃው በኩል ትልቋ ሴትዮ «አንድም ቀን አልጎደለም!» አለች። ሌላዋም «አልጎደለም» አለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ቢሆንም ጮኸ። እርሳስ ወረቀቷን አጥፋ ለእኔ ሰጠችኝ፤ እጇን ታጠበችና ከረጢቱን አነሳች። ኬኩን አልቀመሰችውም፤ እኔም አልቀመስኩትም።

ወረቀቷ አሁን ከሁለቱ ባጆች ጋር ቆርቆሮዬ ውስጥ ናት፤ የመጀመሪያው ባጅ እርሳስ አንገት ላይ ነው። እርሳስ ዛሬም በየስድስት ወሩ ምርመራ ትሄዳለች፤ በሽታው ሊመለስ ይችላልና። መንገድ ላይ የሚያገኟት ሁሉ ግን ዛሬም ሰላምታቸውን ከሆዷ ላይ አላነሱም፤ «ተመችቶሻል» የነበረው «ከሳሽ፣ ምን ሆነሽ» ሆኗል።

እናንተ የምታነቡኝ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰው ስታገኙ ወፈርሽ፣ ከሳሽ አትበሉ። የግድ መጠየቅ ካለባችሁ፣ ከመቀመጫሽ ሳትደገፊ ትነሻለሽ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። «አልነሳም» ካለች እጃችሁን ስጧትና የድሮ ፎቶዋን ፈልጉ።